ለአባ የተቀመጠ

ዐቢይ ጾም ሰውን ወደ እግዚአብሔር ያቀርባል ይባላል። እኔ ግን በዕድሜዬ ከእግዚአብሔር እጅግ የራቅሁት በጾም ነው። ሥጋ አልቀመስኩም፣ ወተት አልነካሁም፣ ከሃምሳ አምስቱ ቀን አንዱንም አልገደፍኩም። እንዲያውም በጾሜ ያን ያህል ባልመካ ኖሮ የሆነው ሁሉ ላይሆን ይችል ነበር።

አባቴ ጉራጌ አገር የገጠር ካታኪስት ነበር። ቄሱ ወደ መንደራችን የሚመጡት በወር አንዴ ነው፤ በመካከሉ ሕፃናቱን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ቄስ ሳይደርስለት ሊሞት ለተቃረበ ሰው የጸጸት ጸሎት የሚያስደግም አባቴ ነው። ባሕረ ሐሳብም ያውቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ይዞኝ ሲመለስ በጣቶቼ አንጓ እያስቆጠረ የአጽዋማትና የበዓላትን አቆጣጠር አስተማረኝ። ነነዌ መቼ እንደሚገባ ካወቅሁ ዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት፣ ሆሳዕና፣ ስቅለት፣ ትንሣኤ ተከታትለው ይመጡልኛል። ሱማሌላንድ፣ ሀርጌሳ ከተማ ስመጣ ከያዝኩት ሻንጣ ይልቅ ይህ እውቀት ነው የጠቀመኝ። ዳሚ ሰፈር ያለን ሐበሾች፣ ግንበኛውም ልብስ አጣቢዋም፣ ጾም መቼ እንደሚገባ ለማወቅ ወደ እኔ ነበር የሚመጡት። “ስልክ ከመነካካት እሷን መጠየቅ ይሻላል” ይሉ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ያን ዓመትም አልተሳሳትኩም፤ ጉዱ እዚያ ላይ ነው።

የምሠራው ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ። ዳሚ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖረው ከአንዲት የጎጃም ሴት ጋር ነው። ደባሌ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ምላሷ ስለታም ነው፤ ሰው ሲታመም ግን ከማንም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ካቶሊክ ስለሆንን ሳንነታረክ የዋልንበት ቀን የለም። “አንቺ እኮ የፈረንጅ ሃይማኖት ነው የያዝሽው” ትለኛለች።

“የምን ፈረንጅ?” እላታለሁ እኔም። “ቅዳሴያችን በግዕዝ፣ ጾማችን ሃምሳ አምስት ቀን፣ ፋሲካችን ከናንተው ጋር በአንድ ቀን!”

ይቺን የመጨረሻዋን ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነበር። በአገራችን እውነት ነው። ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም በአንድ ቀን ነው የሚያከብረው፤ ዶሮውም በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው። ገና ሁለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፈረንጆቹ ቀድመው እንደሚያከብሩት እንኳን እኔ ሕፃን ያውቀዋል። ፋሲካም ሁለት እንደሆነ ግን ያን ሁሉ ባሕረ ሐሳብ የቆጠርኩት እኔ አላውቅም ነበር። ወይ አንድ ጊዜ ሰምቼ ንቄ ትቼዋለሁ። ጌታ የተነሣው አንድ ጊዜ ነው፣ ከየት መጥቶ ሁለት ይሆናል?

ከእኛ ግቢ ሦስት በር አልፎ ጋሼ ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሐረር አካባቢ ሚሲዮን ያሳደጋቸው የሙት ልጅ ናቸው፤ የልስን ሥራ ያስተማሯቸውም የሚሲዮኑ ወንድሞች ናቸው። ሀርጌሳ ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሱማሊኛቸውን የሰማ የአገሩ ሰው ነው የሚላቸው። በዚህ ከተማ ስንት ግድግዳ በእጃቸው እንዳለሰኑ እግዚአብሔር ይወቀው። ያው የሲሚንቶ ብናኝ በመጨረሻ ሳንባቸውን ያዘው። ሐኪም ቤት ሄደው ነበር፤ ከእንግዲህ ቤት ተኝተው ይታገሡ ተባሉ። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። “እኔ ሰው የለኝም” ሲሉ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

እኔ እስከማውቀው በዳሚ ካቶሊክ እኔና ጋሼ ብቻ ነበርን። እሁድ ከሥራ ስመለስ እሄድና የዕለቱን ወንጌል አነብላቸዋለሁ፤ አብረን መቁጠሪያ እንደግማለን። “የካታኪስቱ ልጅ” ነበር የሚሉኝ። ደባሌ ደግሞ ሽሮ ትልክላቸዋለች፤ “ሃይማኖታችሁን እንጂ ሆዳችሁን አልጠላሁም” እያለች።

በጥር ወር አንድ ቀን ጋሼ የመቁጠሪያውን መስቀል ይዘው መድገሙን አቋረጡ። ጸሎቱ የጠፋባቸው መስሎኝ ላስታውሳቸው ስል “ልጄ፣ ሳልናዘዝ መሞት አልፈልግም” አሉኝ።

“እንዴት ሊናዘዙ ይችላሉ፣ ጋሼ? እዚህ አገር ቄስ ከየት ይመጣል?”

“እሱን ነው የምልሽ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። አንድ ነገር አለ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለአባ ያስቀመጥኩት ነው።”

ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። የካታኪስት ልጅ ስለሆንኩ የሰው ኑዛዜ እንደማይጠየቅ አውቃለሁ። ሆኖም ያን ዕለት ፊታቸውን አይቼ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ እግዚአብሔር የሰማኝ መሰለኝ። ማረፊያው ውስጥ የአንዲት ኬንያዊት አልጋ ሳነጥፍ ትራሷ ሥር መቁጠሪያ አገኘሁ። ሴትየዋ ነርሶች የምታስተምር ናት፤ በየወሩ ለጥቂት ቀን እየመጣች ታርፋለች። ስትገባ የእኔን መቁጠሪያ ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ጮኸች፤ አቀፈችኝ። በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው፤ የሷ የተማረ ነው፣ የእኔ የወጥ ቤት። አንድ ፋዘር እንዳሉ ነገረችኝ። ከጎረቤት አገር በአውሮፕላን በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፣ ለገናና ለፋሲካ። ቤተ ክርስቲያን ስለማይፈቀድ በአንድ ሰው ሳሎን ውስጥ በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይቀደሳል። የገናው አልፏል።

“ለፋሲካ ይመጣሉ?” አልኳት።

“ለፋሲካ፣ በዕለተ እሁድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት” አለችና ቤቱን ነገረችኝ። ስለ ጋሼ ስነግራት ደግሞ “እነግራቸዋለሁ፤ የሕሙማን ዘይት ይዘው ይመጣሉ። ከቅዳሴ በኋላ አንቺ ይዘሻቸው ትሄጃለሽ” አለችኝ።

ስልክ እንኳን አልተለዋወጥንም። ምን ያደርጋል? ቀኑን አውቀዋለሁ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

ለጋሼ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማልቀሳቸውን እንዳላይ ነው።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰኞ ገቡ። ከተማው ሁሉ ጾመ። ሻይ ቤቶቹ ቀን ቀን በራቸውን ዘጉ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሳምቡሳ ሽታ ሰፈሩን ይሞላዋል። “ዘንድሮስ ጾማችን ይሰምራል፣ አገር በሙሉ አብሮን ጾሟል” አልኳት ለደባሌ። ጋሼ የዚያኑ ዕለት ትራሳቸው ሥር የሚያስቀምጧትን የሥራ እርሳስ አውጥተው አልጋቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ ስምንት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመሩ፤ ለስምንቱ እሁዶች። ግድግዳውን ራሳቸው ነበር የለሰኑት፤ እርሳሱ የትም አልተንሸራተተም። አንድ እሁድ ሲያልፍ አንዱን ይሰርዛሉ። ዘወረደ በዋዜማው ስላለፈ ወዲያው ተሰረዘ፣ ቅድስት ተሰረዘ፣ ምኩራብ ተሰረዘ።

እነዚያ ሳምንታት ደስ የሚሉ ነበሩ። ሌላውን የማወራ ከሆነ ይህንንም መናገር አለብኝ። ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል እናደርጋለን፤ እሳቸው ተኝተው፣ እኔ ቆሜ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከጲላጦስ ፍርድ እስከ መቃብር ያሉትን አሥራ አራት ማቆሚያዎች የምጸልየው አንዲት እርምጃ ወደ ፊት፣ አንዲት ወደ ኋላ እያልኩ ነው። ሆዴ ባዶ ነው፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ ነገር ግን እግዚአብሔር ጎረቤት የገባ ይመስለኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጾም ምን እንደሚያደርግ ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ለአንድ ሰው ቄስ አምጥቼ ልትሞት ለተቃረበች ነፍስ በር ልከፍት ነው! በልቤ ራሴን ከአባቴ ጎን አቁሜያለሁ።

በአራተኛው እሁድ፣ በመፃጉዕ፣ የሚነበበው በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለተኛው በሽተኛ ነው። ውሃው ሲንቀሳቀስ ቀድሞ የገባ ይድናል፤ እሱን ግን የሚያስገባው ሰው የለም፣ ገና ሲንፏቀቅ ሌላው ይቀድመዋል። አንብቤ ስጨርስ ጋሼ ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነባቸውና እስኪበርድ ጠበቅሁ።

“ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ” አሉ። “የኔ ውሃ ግን ሊንቀሳቀስ አምስት ሳምንት ነው የቀረው። እኔስ የሚያስገባኝ ሰው አለኝ።”

አራተኛውን መስመር ሰረዙ። ያን ዕለት ጠዋት፣ በታክሲ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ ሌሎች ሰዎች በአንድ ሳሎን ውስጥ ክርስቶስ ተነሣ ብለው ወጥተዋል። እኔ አላወቅሁም።

ያወቅሁት ማክሰኞ ነው። ኬንያዊቷ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ማረፊያው ስትገባ እኔ ደረጃ እወለውላለሁ። እንዳየችኝ ቆመች።

“ምነው ቀረሽ? ጠበቅንሽ እኮ” አለችኝ።

“የት?”

“እሁድ፣ ለፋሲካ! ፋዘር ዘይቱን ይዘው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጡ። የበሽተኛውን ቤት አላውቀው፣ ስልክሽ የለኝ።”

እንዳልገባኝ ሆኜ ሳቅሁ። “ፋሲካ እኮ ገና ነው” አልኳት፤ ልክ ደባሌን እንደማርማት። አስተያየቷ ግራ እንደገባው ሰው ነበር። ከዚያ ነገሩ ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን መሰለኝ፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ መወልወያውን የት እንደጣልኩት አላስታውስም።

“አሁን የት ናቸው?”

“ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ነው በረራቸው።”

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አለቃዬን ሳላስፈቅድ ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ሀርጌሳ አየር ማረፊያ እስክንደርስ ኬንያዊቷ በሰጠችኝ ቁጥር ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በሩ ላይ ጠባቂው ቲኬት ጠየቀኝ። “ሰው ልሸኝ ነው” አልኩት በሱማሊኛ። ሸኚ ከዚህ አያልፍም አለ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሥራው ነው። ሳሰበው መልካቸውን እንኳን አላውቅም። ቢያስገባኝስ ማንን ልጠራ ነው? ተደብቀው ለመጡ ቄስ “አባ!” ብዬ በአየር ማረፊያ ልጮህ ነው? አጥሩ ዳር ቆምኩ። ጥላ የለም። ረመዳን ስለሆነ ውሃ የሚሸጥ የለም፤ ቢኖርም እኔም ጾመኛ ነኝ። ከሰባት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ አንድ አውሮፕላን ተነሣ። እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

በሚኒባስ ስመለስ ለጋሼ ምን እንደምላቸው አሰላሁ። በዚያ ሰዓት በልቤ የነበረውን ነገር ላሳምር አልፈልግም። አንዱ ኀዘን ነው፤ ቄሱ ተመልሰው የሚመጡት ለገና በዓል ነው፣ ለገና ደግሞ ጋሼ አይደርሱም፣ ብነግራቸው ተስፋ ቆርጠው ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። ሌላው ኩራት ነው። ቀን ቆጣሪዋ፣ የካታኪስቱ ልጅ፣ “ፋሲካችን አንድ ነው” ባይዋ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠራች ሊባል ነው። ለሰው ስናገር ሁልጊዜ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ቀድሞ የመጣብኝ ሁለተኛው ነበር።

ስገባ ጋሼ ነቅተው ነበር። “ዛሬ በጊዜ መጣሽ” አሉኝ።

“አለቃዬ ለቀቀችኝ።” ይህ የመጀመሪያው ውሸት ነው።

“አባ ለፋሲካ ይመጣሉ አይደል? ትናንትና በሕልሜ የቀሩ መስሎኝ ደነገጥኩ።”

“ይመጣሉ፣ ጋሼ። ለፋሲካ ነው የሚመጡት።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከዚያ በኋላ ልመልሰው ብል እንኳን ቃሉ ከእኔ በልጦ ነበር። ለደባሌም አልነገርኳትም፤ በተለይ ለእሷ! ለኬንያዊቷ “ነግሬያቸዋለሁ፣ ተጽናንተዋል” አልኳት። አንድ ውሸት ሌላውን እየወለደ እኔ ጾሜን ቀጠልኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። መቁጠሪያ ስደግም ግን ጣቶቼ ብቻ ናቸው የሚደግሙት። ጎረቤት የገባው እግዚአብሔር ዕቃውን ሸክፎ ወጣ፤ ወይም እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁበት።

ደብረ ዘይት ተሰረዘ። ዒድ ሆነ። የጋሼ አከራይ ጅግጅጋ ያደጉ እናት ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ሐልዋ በሳህን አምጥተው “ጋሼ፣ የኛ ጾም ሠመረ፤ ኢንሻአላህ የእናንተንም በሰላም ያስፈታችሁ” አሏቸው። ጋሼ ከሐልዋው በጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱና “አሜን፤ እኔ የምጠብቀው እንግዳ አለኝ” አሉ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

ገብር ኄር እሁድ የሚነበበው ስለ ሁለት ዓይነት አገልጋይ ነው፤ የተሰጠውን ስላተረፈውና ቆፍሮ ስለቀበረው። ሳነብ መስመሩ ይምታታብኝ ነበር፤ ጋሼ ከጾሙ ነው ብለው አዘኑልኝ። በዚያ ሰሞን ከንፈራቸው መጥቆር ጀምሮ ነበር። ስድስተኛውን መስመር ሲሰርዙ እጃቸውን ደገፍኩላቸው። እርሳሱን መልሰው ትራሳቸው ሥር ከከተቱ በኋላ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ “ልጄ” አሉኝ። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባ ባይደርሱስ? አባትሽ ቄስ በሌለበት ለሚሞት ሰው ምን ነበር የሚለው?”

አውቀዋለሁ። ከአባቴ ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ አጥርቼ የማውቀው እሱን ነው። ቄስ ባልደረሰበት ሞት ከቀደመ፣ ሰው ኃጢአቱን በልቡ አስቦ፣ ቅጣት ፈርቶ ሳይሆን እግዚአብሔርን ስለወደደ ብቻ ከልቡ ቢጸጸት፣ ካህን ባገኝ እናዘዝ ነበር ብሎ ቢቆርጥ፣ እግዚአብሔር ይምረዋል። አባቴ ይህን በስንት የታማሚ ጆሮ ሲናገር፣ ጸሎቱን ቃል በቃል ሲያስደግም አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የሰዎቹ ፊት ሲፈታም አይቻለሁ።

ይህን ለጋሼ መንገር ግን አባ አይመጡም ብሎ መንገር ሆኖ ታየኝ። ከዚያ መቼ አወቅሽ ይሉኛል። ከዚያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል።

“ይመጣሉ አልኩዎት እኮ!” አልኳቸው። ተቆጣሁ። በበሽተኛ ላይ፣ በሽማግሌ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። “ስንት ጊዜ ልንገርዎት? ሦስት ሳምንት እኮ ነው የቀረው፤ ለምን አይታገሡም?”

ጋሼ አዩኝ። ገብቷቸው ይሆን? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳመነዠግሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

“እሺ፣ ልጄ” አሉ። “እንግዲያው ለሳቸው ላቆየው።”

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ደባሌ ደወለች። “ነይ” ብቻ ነው ያለችኝ። ስደርስ ፊታቸውን ሸፍናቸዋለች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ፈትታ ታለቅሳለች፤ ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ሽሮ ልታደርስላቸው ገብታ ነው አብራቸው የቆየችው።

“ምን አሉ?” አልኳት። “ምንም አላሉም?”

“ደጅ መኪና ቆመ። ‘የአባ መኪና ነው?’ አሉኝ። የምን አባ እንደሆነ አላውቅ። ‘የለም ጋሼ፣ የውሃ ቦቴ ነው’ አልኳቸው። ‘እህ’ አሉ። ከዚያ አልተናገሩም።” አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። “ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?”

“አላጠፋሽም” አልኳት። ጠይቀዋት እውነቱን ነገረቻቸው፤ ምንም አላስቸገራትም። እኔ ሁለት ሳምንት ያቃተኝን እሷ ሽሮ ይዛ ገብታ በአንድ ትንፋሽ አለችው።

የልስን ባልደረቦቻቸው ተሸክመው ቀበሯቸው። ጸሎት የሚያውቅ ጠፋና አንቺ ጸልዪ አሉኝ፤ አባቴ በመቃብር ላይ የሚለውን አልኩ። ሰዎቹ “ተባረኪ፣ ለጋሼ እንደ ልጅ ሆንሽላቸው” እያሉ እጄን ጨበጡኝ። አንዳቸውንም አላረምኩም።

ክፍሏን ሳጸዳ ግድግዳው ላይ ሁለት ያልተሰረዙ መስመሮች ነበሩ፤ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና። በእርጥብ ጨርቅ ልፈገፍጋቸው ሞከርኩ፤ እርሳሱ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። ፋሲካ በቆጠርኩት ቀን ደረሰ። ደባሌ ዶሮ ሠራች። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

በዓመቱ ስቆጥር ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ እሁድ ዋሉ። ለማረጋገጥ በአባቴም መንገድ ቆጠርኩ፣ ስልክም ከፈትኩ፣ ኬንያዊቷንም ጠየቅሁ። ሊያሳስት የሚችል ምንም ነገር አልነበረም። በሰዓቱ ሄድኩ። ቤቱ የት እንደሆነ አልጽፍም። ሳሎኑ ውስጥ አሥር የማንሞላ ሰዎች ነበርን፤ ከቅዳሴው በፊት ቄሱ ጓዳ ገብተው ኑዛዜ ይቀበላሉ። ተራ ይዤ ስጠብቅ የመፃጉዕ ታሪክ መጣብኝ። ባነበብኩት ቁጥር ስለ በሽተኛው ነበር የማስበው። ቀድሞት የሚወርደው ሌላው ሰው ማን እንደሆነ አስቤ አላውቅም። በእግሩ የሚሄድ ጤነኛ ነው፤ መልኩም የክፉ ሰው አይመስልም።

ቄሱ ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጧል። አማርኛ አያውቁም፤ የእኔ የወጥ ቤት እንግሊዝኛ ደግሞ ለዚህ አይበቃም። በራስሽ ቋንቋ ተናገሪ፣ እግዚአብሔር ይሰማል ብለው በምልክት ነገሩኝ። ሁሉንም በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ቀኑን፣ አየር ማረፊያውን፣ ገብር ኄርን፣ የውሃ ቦቴውን። ራሳቸውን በደግነት ይነቀንቃሉ። “አንድ የሚጠብቅዎት ሰው ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት” ስልም ያው በዚያው ደግነት ነቀነቁ። ምን እንደሰሙ የሚያውቁት ነገር የለም። ስጨርስ ሦስት ሰላም ለኪ ማርያም እንድደግም በጣታቸው አሳዩኝና፣ ኃጢአቴን ከመፍታታቸው በፊት የጸጸት ጸሎቱን እንድል ጠበቁኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ደገምኩት፤ አባቴ እንዳስተማረኝ፣ ሳልቸኩል፣ አንድ ቃል ሳልዘል። ከመጀመሪያው እስከ አሜን አንድ ደቂቃ አልሞላም። ጋሼን የከለከልኳቸው ይህን ነበር።